የማይደርቀው ግድግዳ

እርጥብ ግድግዳ አልዘጋም። ጂፕሰም ስሠራ አስራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ይህን ሕጌን ያስጣሰኝ የቤት ባለቤትም፣ መሐንዲስም፣ ሚስትም የለም። የእጄን አይበሉባ አስነክቼ "ደርቋል" ካልኩ ደርቋል። "እርጥብ ነው" ካልኩ ደግሞ እግሬ ላይ ቢወድቁ የስቱኮ ባልዲዬን አልከፍትም። በሥራዬ አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ጣጣው የመጣው ከአማቴ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ቧንቧ ሲፈነዳ ነው። ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ የሳሎናቸውን ጂፕሰም እንደ ተነከረ ዳቦ አሳበጠው። ሄድኩና የበሰበሰውን ክንድ በክንድ ቆርጬ አወጣሁት። ከጀርባ ያለው ሰሌዳም በስብሶ ኖሮ፣ ገና ስነካው ወደ ማዶ ተናደ። ማዶ የአማቴ ታላቅ እህት ሳሎን ነው። ሶፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጥፍራቸውን ሲቆርጡ አገኘኋቸው።

እህትማማቾቹ ከተኳረፉ አስራ አንድ ዓመታቸው ነው። ምክንያቱ የድስት ክዳን! ድስቱ አማቴ ጋ፣ ክዳኑ እህትየዋ ጋ ቀርቶ፣ "ክዳኑን መልሺ"፣ "አንቺ ድስቱን መልሺ" ሲባባሉ ይኸው እስከ ዛሬ። ኧረ በሕግ!

"ሬዲዮዋን ትቀንስ በላት ለዚያች ሴትዮ" አሉኝ አማቴ።

ሴትዮዋ በአንድ ክንድ ርቀት አፍጥጠው ያዩናል። "ሬዲዮዎን ይቀንሱ ብለዋል" አልኩ።

"ሰምቻለሁ። አልቀንስም በላት።"

"አልቀንስም ብለዋል።"

"ሰምቻለሁ" አሉ አማቴ።

ታዲያ ከተሰማማችሁ እኔ ምን ቤት ነኝ?

ይድረቅ ብዬ ሦስት ቀን ሰጥቼ ሌላ ሥራ ሄድኩ። መሰላል ላይ እንዳለሁ ስልኬ ጮኸ። አማቴ ናቸው። "ያቺ ሴትዮ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠይቅልኝ።" ከስልኩ ውስጥ የእህትየዋ ድምፅ "በልቻለሁ በላት!" ሲል ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ስልኩን ዘግቼ እህትየዋ ጋ ደወልኩ፣ ጠየቅኩ፣ መለሱልኝ፤ አማቴ ጋ መልሼ ደወልኩና "በልተዋል" አልኩ። "ምን በላች?" አይሉኝም! ከመሰላሉ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። እንዲህ በቀን አስር፣ አስራ አምስት ጊዜ። ሲብስባቸው እህትየዋ ቀዳዳውን በዚያው በክዳኑ ይገጥሙታል። አማቴ ወዲያው ይደውላሉ፦ "ክዳኑን ታንሳው በላት፣ ቤቱ ጨለመብኝ።"

በሦስተኛው ቀን ነካሁት፤ እርጥብ ነው። በሳምንቱ እርጥብ። ቧንቧው ተጠግኗል፣ ማራገቢያ አምጥቼ ደቅኛለሁ፣ ጭራሽ ባሰበት! ደሜ ፈላ። የገዛ እጄን መጠርጠር ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ሳልደውል ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አማቴ ተንበርክከው፣ የሻይ ብርጭቆ ይዘው፣ ጣታቸውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያርከፈክፋሉ። እኔን ሲያዩ ብርጭቆውን ቀሚሳቸው ውስጥ ደበቁ።

"ለዚያች ሴትዮ እንዳትነግራት" አሉኝ።

ቱግ ብዬ ወጣሁና የእህትየዋን በር ከፍቼ ገባሁ። እሳቸው ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ይዘው በወዲያኛው በኩል ጂፕሰሙን ያሻሉ።

"ለእሷ እንዳትነግራት" አሉኝ ቀስ ብለው።

"እማማ፣ ምን ነካዎት? አስራ አምስት ቀን ሙሉ ያበዳችሁኝ እናንተ ናችሁ?"

ጨርቁን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "አንተ ስትዘጋው ምሳ በላሽ ወይ የሚለኝ ማን ነው?"

አንጀቴን በሉት። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

ዓርብ ዕለት የሕንፃው ኃላፊ የጥገናውን ወረቀት ታቅፎ መጣ። "አንተን ስለማምን ነው የታገስኩት። ከደረቀ ዛሬ ዝጋው፤ ካልደረቀ ይቆይ" አለኝ። የዚያን ቀን ደግሞ በሕንፃው ሁሉ ውሃ የለም፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል። አማቴ ወዲህ፣ እህታቸው ወዲያ፣ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። የአማቴ ብርጭቆ ባዶ ነው፤ እንደያዙት ናቸው። የእህትየዋ ጨርቅ ደርቆ ቆሟል። ሁለቱም እጄን ያያሉ።

አይበሉባዬን አስነካሁ። እንደ ብስኩት ደርቋል። ከዚህ የደረቀ ግድግዳ በሕይወቴ አልነካሁም።

"እርጥብ ነው" አልኩ።

"እስከ መቼ?" አለ ኃላፊው።

"እኔ እንጃ። የዚህ ግድግዳ ውሃ ይቆያል።"

ኃላፊው ጽፎ ሄደ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። አማቴ ወደ እኔ ዞረው "በላት" እስኪሉኝ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አሉ።

"እትዬ" አሉ፣ "ሰማሽው? እርጥብ ነው አለ።"

 ከማዶ አንድ የተጨማደደ እጅ በቀዳዳው ብቅ ብሎ ጠርዙን ዳሰሰ።

"ሰማሁት" አሉ እህትየዋ። "ይሄ አማችሽ ውሸታም ነው።"

"ውሸታም ነው" አሉ አማቴ፣ የእህታቸውን እጅ ያዝ አድርገው።

በአስራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙበት ነገር ይሄ ነው። የስቱኮ ባልዲዬን ሳልከፍት አንስቼ ስወጣ ስለ ድስቱ ማውራት ጀምረው ነበር።