የቆዳ መድኃኒት

የአዳማው ሹም ጸሐፊ አብተው በዚያ ሳምንት አንድን ደንብ ሦስት ጊዜ ጻፈ።

የመጀመሪያውን የጻፈው ሽታዬ የምትባል ሴት ላሟ ሞታባት አቤት ካለች በኋላ ነበር። የቆዳ ነጋዴዎች ቆዳውን ብል እንዳይበላው የሚነክሩበትን መርዝ ከባቡር ጣቢያው በታች ካለው ጅረት ውስጥ ይደፉት ኖሯል፤ ላሚቱም ከዚያ ጠጥታ ወደቀች። ሹሙ ተቆጡና፣ «መርዝ ወደ ጅረቱ የደፋ ይቀጣል ብለህ ጻፍ» አሉት። አብተው ደስ ብሎት ጻፈ።

በማግስቱ የነጋዴዎቹ አለቃ መርዳሳ ሙክት አስነድቶ መጣ። «ጌታዬ፣ መርዝ የሚለው ቃል ሰው ያስደነግጣል። እኛ የቆዳ መድኃኒት ነው የምንለው» አለ። ሹሙ ቃሉ እንዲለወጥ አዘዙ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተመልሶ፣ «መድኃኒት መድፋት ምን ጥፋት አለው? ጥፋቱ ከብትን ያለ ጠባቂ መልቀቅ ነው» አለ። ሹሙ፣ «ስለ ቆዳ ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል?» ብለው ደንቡን እንደገና አስጻፉና እርሱኑ የጅረቱ ተቆጣጣሪ አደረጉት።

በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎሰመና አብተው አነበበ፦ «ላሙን ወደ ጅረቱ ያወረደ ይቀጣል!»

ሽታዬ ሕዝቡን ጥሳ ቀረበች። «ጌታው፣ የእኔ አቤቱታ የቱ ጋ ነው?»

አብተው ወረቀቱን ደጋግሞ አየና ከእርሷ አቤቱታ የተረፈውን አንድ ቃል በጣቱ አሳያት። «ይኸውልሽ እሜቴ፣ ላም ይላል።»

«ላሜማ ሞታለች እኮ» አለችው።

አብተው ወረቀቱን ጠቅልሎ አዋጁን ላልሰሙት ሊያነብ ወደ እህል ተራ ሄደ።