ሙሽራው ይዞት የመጣው ካርቶን

ከአውቶቡሱ መጀመሪያ የወረደችው ታማራይ ናት። ከኋላዋ ባሏ ኢላንጎ አንድ ትልቅ ካርቶን እንደ ሕፃን አቅፎ ወረደ። አባቷ ቬላዩተም ብስክሌቱን የኒሙ ዛፍ ላይ አስደግፎ ሊቀበላቸው ተጣደፈ። ለመብራት በዓሉ ለዲፓቫሊ ሁለት ቀን ቀርቷል። ልጁ ከተዳረች ገና አምስት ወሯ ነው፤ ከሠርግ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያውን ዲፓቫሊ ሙሽሮች የሚያከብሩት ደግሞ በሴቷ ወላጆች ቤት ነው።

«ይስጡኝ ልያዝልዎት፣ ሙሽራው» አለ ቬላዩተም እጁን ዘርግቶ።

«ኧረ አይገባም አባቴ፣ ይከብዳል። ደግሞ እንዳይረጥብ መጠንቀቅ አለብኝ።»

ካርቶኑ በአሮጌ ሳሪ ተጠቅልሏል። ነፋስ የሳሪውን ጫፍ ገለጥ ሲያደርገው ቬላዩተም ከሥር የታተመውን ሥዕል አየ፤ ቀይ ጅራት ያለው ኮከብ። ርችት ነው።

በዚያ መንደር ርችት አይተኮስም። ከመንደሩ የውሃ ክትር መሐል በቆሙት ግራሮች ላይ፣ ዝናቡ ሲገባ ሽመላዎች በመቶ በመቶ እየሆኑ መጥተው ጎጆ ይሠራሉ። ዲፓቫሊ የሚውለው ጫጩቶቹ ገና ላባ ባላወጡበት ሰሞን ነው። ስለዚህ መንደሩ በዓሉን በኩራዝ፣ በጣፋጭና በአዲስ ልብስ ይቀበላል እንጂ ሰማዩን አያስጮኸውም። ይህን የሚያዝዝ ወረቀት የለም። ሕፃናቱ ሲያለቅሱ «ዝም በል፣ ወፎቹን ታስደነግጣለህ» እየተባሉ ነው የሚያድጉት። የሽመላዎቹ ኩስ ያለበትን ውሃ የጠጣ የሩዝ ማሳ ሌላ ማዳበሪያ እንደማይፈልግም ማንም ገበሬ ያውቃል።

ኢላንጎ ግን የርችት ከተማ ልጅ ነው። እንጀራውም ርችት መጠቅለል ነው፤ በወርክሾፑ ውስጥ እንደሱ የተካነ የለም ይባልለታል። ሽምግልና በመጣ ጊዜ ቬላዩተም የመንደሩን ልማድ ሊናገር ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሦስት ጊዜ ምራቁን ዋጠ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ልጄንም ወዷታል፤ ገና ከጅምሩ «ሙያህን ደጃችን እንዳታደርስ» ይባላል? ኋላ እነግረዋለሁ አለ። ኋላ የተባለው ቀን ይኸው ከአውቶቡስ ወረደ።

ማታ ሚስቱ ፔቺያማል ጓዳ ውስጥ የሩዝ ሊጥ በመጭመቂያ እየጨመቀች የበዓሉን ሙሩኩ ትጠብሳለች። ቬላዩተም አጠገቧ ቁጢጥ ብሏል።

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ ልትነግረው ነው? ክብሪቱን ሲጭር?»

«ታማራይ ትንገረው። ባሏ አይደል?»

«ታማራይማ አባቴ ነግሮታል ብላ ነው የኖረችው። እንዳልነገርከው ያወቀችው ይሄን ካርቶን ለሷ ብሎ እየሞላ ሲያሳያት ነው። ያኔ እንዴት ብላ ትናገር? አልቅሳ ነገረችኝ።»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«ነገ፣ ነገ! ከበሬ ጋር ሲሆን ምላስህ አያርፍም፤ ሰው ፊት ግን ልጉም ነህ።» ከትኩሱ ሙሩኩ ቆርሳ አፉ ውስጥ ከተተችለት። «በል ይሄን ብላና ድፍረት ይስጥህ።»

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች በረንዳውን ሞሉት። ኢላንጎ ካርቶኑን ከፍቶ አንድ በአንድ እያነሳ ያሳያቸዋል። እያንዳንዱ በባለ ቀለም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ጫፉ እንደ ሕፃን ፀጉር ተቋጥሯል።

«ይሄኛው» አለ በሁለት እጁ አንዱን ከፍ አድርጎ፣ «ሱቅ ውስጥ የለም። እኔ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት። ሰማይ ላይ ሲፈነዳ መጀመሪያ ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ነጭ። ልክ እንደ ሎተስ አበባ።»

የታማራይ ስም ትርጉሙ ሎተስ ነው። ታማራይ ከበሩ ሥር ቆማ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

የጎረቤት ልጅ ኩይሊ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ጠጋ ብላ በጣቷ ነካችው። «አጎቴ፣ ይጮሃል?»

«ይጮሃል ወይ? ጆሮሽን ካልያዝሽ ሰማይ የተደረመሰ ነው የሚመስልሽ!»

ልጆቹ ይስቃሉ ብሎ ጠበቀ። አልሳቁም። ኩይሊ ወደ ክትሩ ዞር ብላ አየችና መልሳ አየችው።

«እንግዲያ ጫጩቶቹ ሲወድቁ ማን ይቀልባቸዋል?»

ኢላንጎ ግራ ገብቶት ወደ አማቱ ቀና አለ። ቬላዩተም ፊቱ ተቃጠለ። ከአሁን ወዲያ መሸሻ የለም።

«ሙሽራው፣ እስቲ ወጣ እንበል» አለ።

በክትሩ ጥግ፣ ውሃውን በያዘው የአፈር ግድብ ላይ ተጓዙ። ግራሮቹ ከወፍ ብዛት ነጭ ለብሰዋል። አንዲት ሽመላ ክንፏን ዘርግታ ጫጩቶቿን ከፀሐይ ትከልላለች፤ ከሥሯ ሦስት መላጣ አንገቶች ይንቀጠቀጣሉ። ቬላዩተም ቆመ።

«እኔም እንደ እርስዎ ለዚህ መንደር አማች ሆኜ ነው የመጣሁት። ከመጣሁ ሃያ ሰባት ዓመቴ። የሚስቴ አባት ወንድ ልጅ ስላልነበረው እዚሁ ቀረሁ።»

«ታማራይ ነግራኛለች።»

«ይሄን ግን አልነገረችዎትም፣ አታውቀውማ። ለመጀመሪያው ዲፓቫሊ ከአገሬ አንድ ገመድ ርችት ይዤ መጣሁ። አማቴ አየኝ፣ ርችቱን አየ፣ ዝም አለ። ጎረቤቱም ዝም። ሙሽራ ይከበራላ! አንድ ሰው እንኳ ተው አላለኝም። ጎህ ሳይቀድ ለኮስኩት።»

በእጁ ወደ ውሃው አመለከተ።

«ወፎቹ በጨለማ አንድ ላይ ተነሡ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፣ ከርችቱ ይብስ ነበር። ሲነሡ ጎጆው እየተናወጠ ጫጩቶቹ ውሃው ላይ ረገፉ። ሲነጋ አማቴ ቅርጫት ይዞ ውሃ ገባ፤ የሞቱትን ይለቅማል። ልርዳዎት ብዬ ስሮጥ ‹አዲሱ ልብስዎ ይበላሻል፣ ሙሽራው› አለኝ። በቃ። እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን ሌላ ቃል አልወጣውም። ሽመላዎቹ ሁለት ዓመት አልመጡም። በየዓመቱ ዝናብ ሲገባ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ እኔን ግን የሚያየኝ የለም። ቢሰድቡኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!»

ወደ ኢላንጎ ዞረ።

«እኔ ያንን ዝምታ ላንተ አላወርስህም፣ ልጄ። እባክህ አትተኩስ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ። ብትቆጣ በኔ ተቆጣ።»

«አንተ» ማለቱን ያወቀው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ደነገጠ። ኢላንጎ ግን የሰማውም አይመስልም። ዓይኑ ከሦስቱ መላጣ አንገቶች አልተነቀለም።

«እኔ ደግሞ» አለ በመጨረሻ፣ «ይህ ካርቶን አንሶ ቢገኝ ቤተሰቡ ምን ይለኛል እያልኩ ነበር የምሰጋው። በየምሳ ሰዓቱ ወርክሾፕ እየቀረሁ ነው የሞላሁት።» ድምፁ ትንሽ ሻከረ። ቬላዩተም መከፋቱ ገባው። «ከጎረምሳነቴ ጀምሬ ስጠቀልል ኖርኩ፣ አባቴ። የጠቀለልኩት የት እንደሚወድቅ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።»

ሌላ ነገር ሳይጨምር ወደ ቤት ተመለሰ። ቬላዩተም ከኋላ ቀረት ብሎ ተከተለው። ደጁ ሲደርስ ከውስጥ የሁለቱ ንግግር ተሰማው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ!» አለች ታማራይ፣ ልታለቅስ ምንም ሳይቀራት። «በየቀኑ እየመጣህ ‹ሮዝ፣ ከዚያ ነጭ› ስትለኝ ምን ልበልህ?»

ከዚያ የኢላንጎ ሳቅ ተሰማ፤ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ኋላ ግን የሷም ተጨመረበት።

ከቀትር በኋላ ኢላንጎ ርችቶቹን ለብቻ አስቀመጠና ካርቶኑ ውስጥ ለመደላድል የተጎሰጎሰውን ባለ ቀለም ወረቀት ሁሉ አወጣ። ልጆቹን ያለቀ ደብተርና አሮጌ ጋዜጣ እንዲያመጡ ላካቸው። ፔቺያማል ሩዝ አፍልታ ሙጫ ሠራች፣ ቬላዩተም ቀርከሃ ሰነጠቀ። ከዚያ የኢላንጎ ጣቶች ሥራ ጀመሩ። ወረቀቱን ጠቅለል፣ ጫፉን እጥፍ፣ በሙጫ ልጥፍ፤ ዓይን ተርገብግቦ ሳይከደን አንድ ፋኖስ። ቬላዩተም እጁን አቁሞ አየው። ይህ ነው እንግዲህ ሙያ የሚሉት፣ አለ በልቡ። ኩይሊ በየፋኖሱ ጎን የሽመላ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ካልተቆረጠ አለች፤ ተቆረጠ። አብዛኛው ዶሮ ይመስላል።

ቬላዩተምም አንድ ሠርቶ አሳየው።

ኢላንጎ ወዲያ ወዲህ አገላበጠው። «አባቴ፣ ይሄ ፋኖስ ነው ወይስ በሬ የረገጠው ዱባ?»

ልጆቹ ተንከተከቱ። ከጓዳ ፔቺያማል፣ «ዱባም እንዲህ አይሰደብ!» ብላ ጨመረችበት። ቬላዩተም ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

በበዓሉ ንጋት ፔቺያማል አማቿን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ለብ ያለ የሰሊጥ ዘይት አናቱ ላይ አፈሰሰችና ቀባችው፤ ረጅም ዕድሜ፣ ልጅ፣ ጤና እያለች። በሙቅ ውሃ ታጠበ። ጥጉ በእርድ የተነካካ አዲስ ልብስ ተሰጠው። ከዚያ ኢላንጎና ታማራይ አብረው በየፋኖሱ ውስጥ የሸክላ ኩራዝ እያኖሩ ለኮሱ። ከቤቱ ክፈፍ ሥር ሃያ አራት ዶሮ መሳይ ሽመላዎች ግድግዳው ላይ መወዛወዝ ጀመሩ። የቬላዩተም ዱባ ብቻ ነፋስ አጋደለውና ቦግ ብሎ ነደደ፤ ታማራይ ውሃ ደፋችበት። ጎረቤቶች ጣፋጭ ይዘው መጡ። አንዲት አሮጊት ኢላንጎን አገጩን ይዘው፣ «የርችት አገር አማች መጣ ሲሉኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር፤ ተባረክ» አሉት።

ቬላዩተም ግቢው መሐል ቆሞ ጆሮውን ወደ ክትሩ ጣለ። ሽመላዎቹ እየነቁ መንቁራቸውን ያጋጫሉ። ከዚያ በቀር ምንም የለም።

ርችቱን የወርክሾፑ የጭነት መኪና በአራተኛው ቀን በዚያ ሲያልፍ ወሰደው። ሾፌሩ፣ «ምነው ሙሽራው፣ መንደሩ ውስጥ ክብሪት ጠፋ?» ብሎ ቀለደ። ኢላንጎ ያን የሎተስ ርችት ለመጨረሻ ጊዜ በእጁ ያዘው፣ አየው፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር አስረከበ። ቀላል እንዳልሆነለት ቬላዩተም አየ። ትከሻውን ያዝ አደረገው።

በሚቀጥለው ዓመት ኢላንጎ እናቱን ሴምባካምን ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። በዋዜማው ከፔቺያማል ጋር ሙሩኩ ሲጠብሱ ነው የነገሯት። ባላቸው በወርክሾፕ ቃጠሎ ካረፉ ወዲህ፣ ዲፓቫሊ በመጣ ቁጥር ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ማድ ቤት ይቀመጣሉ። ልጃቸው የሚሠራው ያንኑ ነውና አንድ ቀን ጠላሁ ብለውት አያውቁም። አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው።

በንጋት ፔቺያማል ዘይቱን አሙቃ ልትቀሰቅሳቸው ገባች፤ ወዲያው በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ተመልሳ ወጣች።

«ተኝተዋል» አለች በሹክሹክታ። «አፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ሕፃን።»

«ጎህ ከመቅደዱ በፊት መታጠብ የለባቸውም?» አለ ቬላዩተም።

«ተዋቸው፣ እንቅልፋቸውን ይጥገቡ። ዘይቱ የትም አይሄድ።»

ኢላንጎ በሩ ላይ ቆሞ እናቱን አየ፤ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ የለም። ፀሐይ ከግራሮቹ በላይ ወጣች፣ ሽመላዎቹ ወደ ማሳው መብረር ጀመሩ፣ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው እየሮጡ መጡ። ቬላዩተም ከደጅ ወጥቶ በምልክት ዝም አሰኛቸው። ሴምባካም የነቁት ለቁርስ የተሠራው የሩዝ ዳቦ፣ ኢድሊው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።