ድምፅ የሚሰርቀው ስልክ

ፈለቀች ከማታውቀው ቁጥር ሲደወልላት «ሃሎ» ማለት ካቆመች ሰነበተች። አንስታ ዝም ነው። ምን ታድርግ! ሰፈሯን አቃቂ በሰቃን ያዳረሰው ቪዲዮ ነው እንዲህ ያደረጋት። ማሽን «ሃሎ» ያለውን ሁሉ ድምፅ ይሰርቃል፤ የልጅን ድምፅ ቀድቶ «ነይልኝ» እያለ እናትን ከቤት ያስወጣል፤ ስትመለስ ቤቷ ተጠርጎ ይጠብቃታል አሉ። ሰይጣን ድሮ በእባብ መጣ፤ ዛሬ በኔትወርክ ቢመጣ ምን ይገርማል?

ያን ቀን ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጣ የአራስ ገንፎ ገብስ ትለቅም ነበር። ቂሊንጦ ፋብሪካ የምትሠራው አንድያ ልጇ እየሩሳሌም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወር ቀርቷታል፤ ባሏም ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው። ስልኩ ጮኸ። የማይታወቅ ቁጥር። አነሳችና እንደ ልማዷ ዝም አለች።

«እማዬ! እኔ ነኝ። ምጥ ያዘኝ መሰለኝ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፣ በሰው ስልክ ነው። ጤና ጣቢያ ነኝ፣ ቶሎ ነይልኝ!»

ፈለቀች ብድግ አለች። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ደግሞ ቆመች። ገና ወር ይቀራት የለ? የሰው ስልክ፣ ቶሎ ነይ... ቪዲዮው ላይ የተባለው ቃል በቃል! አሃ፣ መጣህልኝ፣ አለች በሆዷ።

«ልጄ ከሆንሽ የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ!»

የክርስትና ስም ፈለቀች ቤት ቀልድ አይደለም። በስምሽ ድግምት ደግመው ያጠፉሻል እያለች፣ ለማንም እንዳትናገር እያስማለች ነው ልጅቷን ያሳደገቻት። ከእናት፣ ከንስሐ አባትና ከራሷ በቀር የሚያውቀው የለም። ባሏ እንኳ አያውቅም።

«እማዬ፣ ሰው አለ እኮ አጠገቤ» አለች ልጅቷ እያቃሰተች።

«አላውቀውም አትልም!» ብላ ፈለቀች በማሽኑ ጆሮ ላይ ዘጋችበት። ደስም አላት። ጉዱን አጋለጠችው!

ወዲያው ተደወለ። አሁን ለቅሶ ነው። እየሩሳሌም በማታውቃቸው ሰዎች መሀል የክርስትና ስሟን ተናገረችው። እዚህ አይጻፍም፤ አንዴ በሰው ፊት መናገሯ ይበቃታል።

ፈለቀች እፎይ በማለት ፈንታ ይባስ ፈራች። ሦስት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ስም ይህ ጉድ ከየት አመጣው? ጓዳዬ ገብቷል ማለት ነው! «በስመ ሥላሴ!» ብላ ስልኩን አጠፋችና ጸበል ረጨችበት።

ሱቁን ዘግቶ ዕቃ ሊያመጣ ሳሪስ የዋለው ጎረቤቷ ዚያድ ሲመሻሽ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ ፈለቀች፣ ምነው ስልክዎን አጠፉ? እየሩስ የሱቁ ስልክ ላይ ስትደውል ነው የዋለችው፤ አሁን ገብቼ አነሳሁት። ምጥ ላይ ናት!»

«እርግጠኛ ነህ እሷ ናት?»

«ባትሆንስ? ሄዶ ማየት ምን ይጎዳል?»

ይህን ፈለቀች አላሰበችውም ነበር። ነጠላዋን ይዛ ወጣች። ዚያድ ባጃጅ ጠርቶ አስገባት።

ጤና ጣቢያው ስትደርስ ሕፃኑ ተወልዷል። አንዲት ባለሂጃብ ሴት ታቅፋው አልጋው አጠገብ ቆማለች፤ የስልኩ ባለቤት ናዕማ ናት፣ መድኃኒት ልትወስድ መጥታ በዚያው የቀረች። ፈለቀች እልል ሳትል ወደ አልጋው ተጠጋች።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ማሽን መስሎኝ...»

እየሩሳሌም ፊቷን ወደ እናቷ አላዞረችም። «እስክወልድ እጄን አልለቀቀችም» አለች ወደ ናዕማ እያየች። «ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም።»