ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ

የክልሉን ምክር ቤት ሰዓት የምትጠብቀው ሴት ቁመቷ አጭር ነው፤ ቀጠሮ ደግሞ አታዛንፍም። ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ «ደቂቃ» ይላታል። ሲያሾፉባት ነው የጀመሩት፤ ኋላ ስሟ ሆኖ ቀረ። ከእሷ በፊት ሰዓቱን ይሞላ የነበረው አባቷ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን ባለ ሰባት ደረጃ መሰላል ወጥቶ ወርዷል። ጉልበቱ እምቢ ሲለው የሰዓቱን መሙያ ከአንገቱ አውልቆ በእሷ አንገት አጠለቀው፤ አለቀ። ሹመት ማለት እንዲህ ነው፤ ማመልከቻ የለ፣ ፈተና የለ።

ሰዓቱ ከአፈ ጉባኤው ወንበር በላይ ተሰቅሏል። የሰው ቁመት ያክላል፤ ከመስታወቱ ጀርባ ሳህን የሚያህል ናስ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በዚያ አዳራሽ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ሥራው ካላለቀ አፈ ጉባኤው ቀና ብለው ያያሉ፤ ሰዓት ጠባቂዋም መሰላሉን ወጥታ ናሱን በእጇ ያዝ ታደርገዋለች። ሰዓቱ ቆመ ማለት ቀኑ ቆመ ማለት ነው። ውጭ ፀሐይ ትውጣ፣ ትግባ፣ የራሷ ጉዳይ! አዳራሹ ውስጥ ያው ቀን ነው፤ የጸደቀው ሕግም በዚያው ቀን እንደ ጸደቀ ይጻፋል። ክልክሉ ሁለት ብቻ ነው። በሩን ከፍቶ የወጣ ወደ ነገ ሄዷልና አይመለስም። የቆመውን ሰዓት ደግሞ ካቆመችው እጅ በቀር ማንም አያስነሳውም።

«ቀልድ ነው እንዴ!» ትሉ ይሆናል። ቀልድስ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ነገር ነው። ዳኞቹ መጥተው ሰዓቱን ቀና ብለው አዩና «እሱ ያለው ነው» ብለው ተመለሱ።

በዚያ ሐሙስ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ቀደም ብሎ ከፌዴራሉ መንግሥት ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ከሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሐይቁና ዳርቻው የፌዴራል ይሆናል፤ ዳር ያሉት ቤቶች ይለቀቃሉ፤ የዳሩ መቃብር ይዘጋል ይላል። ያዘዘው ፌዴራሉ ይሁን እንጂ ፌዴራሉ ሩቅ ነው፤ እዚህ እጅ የለውም። ቤቶቹን የሚለካው የክልሉ ቀያሽ ነው። ሰዎቹን የሚጭነው የክልሉ አውቶቡስ ነው። የመቃብሩም ቁልፍ ያለው የክልሉ ማዘጋጃ ቤት ኪስ ውስጥ ነው። ምክር ቤቱ ይህን አይቶ አንድ ገጽ የማትሞላ ረቂቅ ሕግ አዘጋጀ። ፍሬዋ አንቀጽ አራት ናት፦ የክልሉ ሠራተኛ ለዚህ ትእዛዝ እጁን፣ ብዕሩን፣ መኪናውንም ሆነ ቁልፉን አያውስም። ይኸው ነው። ጦር አልመዘዙም፣ ድንጋይ አልወረወሩም፤ አናግዛችሁም ነው ያሉት። ግን ትእዛዙ ከመጽናቱ በፊት መጽደቅ ነበረባት፤ ከዚያ ካለፈች ወረቀት ብቻ ናት።

የደቂቃ አባት ቤት ሐይቁ ዳር ነው። እናቷም እዚያው ዳር ነው የተቀበረችው። አባቷ ታሞ ከተኛ ሦስት ወር ሆኖታል፤ በዚያ ሐሙስ ጠዋት ትታው መሄድ አቅቷት ጫማዋን ሁለቴ አድርጋ ሁለቴ አወለቀች።

«ሂጂ እንጂ» አላት። «ዛሬ ሰዓት ማቆም ይመጣል። እኔን ይሸተኛል።»

«አንተስ አባባ?»

«እኔ የት አባቴ እሄዳለሁ? ሐሙስ እስኪያልቅ አለሁልሽ። ከዚያ በኋላ ግን ከእናትሽ ጎን አድርጉኝ። የመቃብሩ በር ሳይዘጋ።»

ጫማዋን ለሦስተኛ ጊዜ አደረገች። ሄደችም፤ ወንድሟ ጀልባ ጠጋኙ ሥራውን ትቶ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ ሲሆን አፈ ጉባኤው ቀና አሉ። ደቂቃ ወጣችና ናሱን ያዘችው። ከሃያ አንዱ አባላት አሥራ አራቱ መስማማት ነበረባቸው፤ እጅ ያወጡት ግን አሥራ ሦስት ናቸው። የቀሩት ሰባቱ የፌዴራሉ ወዳጆች ናቸው፤ ከእነሱ ተስፋ የለም። ሃያ አንደኛው ፋርማሲስቱ ነው። እሱ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«የመድኃኒቱ መጋዘን የማን ነው?» አለ። «የፌዴራል! እኛ እጃችንን ከሰበሰብን እነሱም ይሰበስባሉ። ያን ጊዜ የስኳር በሽተኛው ሲመጣ ምን ልስጠው? አንቀጽ አራትን በውሃ ዋጥ ልበለው?»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። እውነቱን ነው፤ ያስቸገረውም እውነቱን መሆኑ ነው።

መጋረጃው ተጋረደ፣ መብራቱ በራ፣ አዳራሹ ውስጥ የማታልቅ የምሽት ዳርቻ ገባች። ሲከራከሩ አደሩ፤ አደሩ አይባልም እንጂ። ተናጋሪው ሁሉ ተነሥቶ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ጸሐፊዋ ዘጠነኛው ላይ ሰለቻትና «ድር፣ እንደ ላይኛው» ብላ ጻፈች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። አባላቱ አግዳሚው ላይ ተጋድመው ያንቀላፋሉ፤ ነቅተው ያው ሰዓት ላይ፣ ያው ቀን ውስጥ ራሳቸውን ያገኛሉ። ጢማቸው ግን ሐሙስ ላይ አልቆመላቸውም፤ ያድጋል። አንዱ ሐይቁ በበሩ ሥር ገብቶ ጫማውን ሲያነሳው በሕልሙ አየ፤ ነቅቶ ሲነግራቸው ሌላው «የኔንም ጫማ ወስዶታል» አለ። ሁለቱም እግራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

ምግብ የሚገባው በጎን ባለችው ትንሽ መስኮት ነው፤ በሩ ከተከፈተማ ዓርብ ይገባል። አንድ ጊዜ ጥበቃው ሳያስብ ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አቀበለ። የዓርብ ጋዜጣ! ትልቁ ርዕስ «ሐይቁ ከትናንት ጀምሮ የፌዴራል ሆነ» ይላል። ጉድ ፈላ። አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አደረጉና ተመለከቱት።

«ትናንት የሚሉት የቱን ነው?» አሉ። «የእኛ ትናንት ረቡዕ ነው። ረቡዕ ሐይቁ የእኛ ነበር። ጋዜጣው ተሳስቷል፤ ዳቦውን ብሉ።»

ደቂቃ ሰዓቱ ሥር መሰላሉ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። የቆመ ሰዓት ዝምታ እንደ ሌላው ዝምታ አይደለም፤ በውስጡ ከሩቅ የአባቷ ሳል የሚሰማት ይመስላታል። አንዴ ሸለብ ሲያደርጋት አየችው። ውሃው ላይ ቆሞ፣ የሰዓቱን መሙያ ሐይቁ ውስጥ ሰክቶ ቀስ እያለ ይጠመዝዛል፤ ሐይቁም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ስትነቃ ደስ አላት። ደስ አላት ስላችሁ፣ በጣም ነው ደስ ያላት። ሐሙስ ነው፤ አባባ አለ። ክርክሩ ባያልቅስ ምን ቸገረኝ አለች በሆዷ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች።

በውጭው አቆጣጠር ቅዳሜ ረፋድ ላይ መስኮቷ ተንኳኳች። ወንድሟ ነው። እጁ ላይ የጀልባ ሬንጅ አለ፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት አባባ...»

«ቆይ!» አሉ አፈ ጉባኤው ከወንበራቸው። ድምፃቸው ተቆጣ፣ ፊታቸው ግን አልተቆጣም። «እዚህ ጠዋት አልሆነም ልጄ። እዚህ ሐሙስ ማታ ነው። ከሐሙስ ወዲህ የሆነ ነገር በዚህ መስኮት ከገባ ቀኑ ተሰበረ፤ የለፋነው ሁሉ ገደል ገባ።»

ደቂቃ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ፊቷን ወደ ሰዓቱ መልሳ መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውል ጀመር። ወንድሟ ቆመ፤ አሰበ። ልጅ ሆኖም ነገር አይጠፋበትም ነበር።

«እሺ፣ የሆነውን አልናገርም» አለ። «የሚሆነውን ግን መናገር ይከለከላል?»

አፈ ጉባኤው ጸሐፊዋን አዩ። ጸሐፊዋ የደንቡን መጽሐፍ ገለጠችና «ትንቢት አልተከለከለም» አለች።

«እንግዲያው ስሚኝ እትዬ። ከነገ ወዲያ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አባባ ያርፋል። አያምመውም። እኔ እጁን ይዤው ነው የሚሄደው። ከዚያ ከእማማ ጎን እናስቆፍርለታለን። ግን የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ‹ሕጉ መጣ ከተባለ አልዘጋም፣ እስከ ቀትር ካልመጣ ግን እንጀራዬ ነውና እዘጋለሁ› ይላል። አባባን ደጅ ላይ አስቀምጠን እንጠብቃለን።»

 መወልወያ የሆነው የቀሚሷ ጫፍ መስታወቱ ላይ ቀረ። እንባዋ አልመጣም፤ በሐሙስ ምን ብላ ታልቅስ?

ፋርማሲስቱ ተነሣ። ከተቀመጠበት ከተነሣ ስንት ጊዜው ነው፤ ጉልበቱ ቋ አለ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አንቀጽ አራት ላይ ጥያቄ አለኝ። ቁልፍ የሚለው የመቃብሩንም ቁልፍ ነው?»

«ይጨምራል።»

«የዚያን ሽማግሌ መድኃኒት ሦስት ወር ሙሉ እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ። «መድኃኒቱ የፌዴራል ነው፤ አልካድኩም። መቃብሩ ግን የሱ ነው። መጋዘኑን ከዘጉብኝ በእግሬ ሄጄ እለምናለሁ፤ ልመና አላፍርም። ሰውን ከሚስቱ ለይቶ በር ላይ የሚያቆምን ቁልፍ ግን በኔ ድምፅ አላቀብልም።»

እጁን አወጣ። አሥራ አራት።

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጸሐፊዋ ሕጓን በቀለም ጻፈቻት፣ አፈ ጉባኤው ፈረሙ። ከዚያ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ተነሥቶ አሥራ ሁለት ሲመታ ጉባኤው ይዘጋል፣ ሕጓም ትወጣለች። የሁሉም ዓይን ወደ መሰላሉ ዞረ።

ደቂቃ አልተንቀሳቀሰችም።

«ደቂቃ» አሉ አፈ ጉባኤው።

«ይቆዩኝ።»

«ኧረ እኛ እኮ ራበን!» አለ ከፌዴራሉ ወዳጆች አንዱ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ዝም በል!» አሉት አፈ ጉባኤው። «ቀኑ የሷ ነው።»

«ይሄን ከለቀቅሁት አባባ ሞተ ማለት ነው» አለች ደቂቃ፤ ለማንም አይደለም የምትናገረው። «ካልለቀቅሁት አለ። ሐሙስ እስኪያልቅ አለሁልሽ ብሎኛል። ቃሉን አያጥፍም እኮ እሱ። እኔ ነኝ እንግዲህ ሐሙስን የምጨርሰው።»

ማንም አይዞሽ አላላትም፤ በሐሙስ አይዞሽ የሚባል ነገር አልነበረማ። በመጋረጃው ስንጥቅ የገባው ወደ ቀትር የተጠጋ ብርሃን ወለሉን አቋርጦ የመሰላሉ እግር ሥር ደርሶ ነበር። አየችው። ሽማግሌው በር ላይ፣ በዚህ ፀሐይ። ከእናትሽ ጎን ብሎ የለመናት ነገር አንድ ብቻ ነበር።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች የቀሩትን ደረጃዎች ወጣች። ናሱን በመዳፏ ደግፋ ትንሽ አቆየችውና ለቀቀችው። ወዲያ ሄደ። ወዲህ መጣ። ከአግዳሚው አንዱ አባል ሳያስበው አብሮት ተነፈሰ።

አምስት ደቂቃ ቀራት። ወርዳ ወደ መስኮቷ ሄደችና የወንድሟን እጅ ከነሬንጁ ያዘች።

«አባባ እንዴት ዋለ?» አለችው።

ወንድሟ መጀመሪያ አፈጠጠባት። ከዚያ ገባው። ድምፁን አስተካከለ።

«ደህና ነው የዋለው። ትራሱን ከፍ አድርጌለት ሐይቁን ያያል። ሾርባም ቀመስ አደረገ።»

«ጨው አብዝተህበት ይሆናል።»

«አብዝተሃል ብሎ ሰደበኝ።»

ሳቀች። ሳቅ ነው ካላችሁት።

«ስለኔስ ጠየቀ?»

«‹ሰዓቱን አቆመችው ወይ?› አለኝ። አቁማዋለች አልኩት። ደስ አለው፤ ጥርሱ እስኪታይ ነው የሳቀው። ‹እኔ ሁለት ጊዜ አቁሜዋለሁ› አለ፤ ‹ማቆሙ ቀላል ነው፣ ልቧ የሚርደው ስታስነሳው ነው፤ ያን ጊዜ አይዟት በልልኝ› አለ።»

«እንዲህ አለ?»

«እውነቴን ነው እትዬ። ሐሙስ ማታ ነው ያለኝ።»

ሰዓቱ መምታት ጀመረ። እጁን እንደያዘች ቆጠረች። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አሥራ አንድ ላይ እጁን ጠበቅ አደረገችው። አሥራ ሁለተኛው ሲመታ «አባባዬን!» ብላ ጮኸች፤ ሁለት ቀን ሙሉ የታገደው እንባዋ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ጥበቃውም ትልቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ጢማሞቹ ሁሉ በፀሐይ ዓይናቸውን እያሹ ተከተሏት። ፋርማሲስቱ በአንድ ክንዷ፣ አፈ ጉባኤው በሌላው ያዟት፤ ጸሐፊዋ ቀለሙ ያልደረቀውን ሕግ እንደ ሕፃን ታቅፋ ከፊት ከፊት ቸኮለች። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ መቃብሩ በር ላይ ሆኖ ከሩቅ አያቸው። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየችው። ሰውየው ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰና ኮፍያውን አውልቆ ሬሳውን ከሚሸከሙት ጋር ገባ።