የሌኒንግራዱ ካሴት

«ነገ ሰልስቱ ነው። ዛሬውኑ ይቃጠል!» አለች የምሥራች፣ የሟቹ ታላቅ እህት። ካሴቱን እንዳይነክሳት የፈራች ይመስል በሁለት ጣቷ አንጠልጥላዋለች። ለለቅሶው ከዘንገና ስትመጣ ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ ወንድሟ አወቀ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ ከሰይጣን ጋር ይነጋገር ነበር አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚቆረጥሙት ሴቶችም የሚያንሾካሹኩት ይህንኑ ነው። ሌላ ምን ሊያወሩ!

«የነፍስ አባቱ ከሰሙ ፍትሐቱን ቢተዉትስ?» አለች የምሥራች።

ይታይሽ ባሏን የቀበረችው ትናንት ነው፤ ካሴቱን ግን ከተጋቡ ጀምሮ እንደፈራችው ነው። አወቀ በደርግ ጊዜ ደን ሊማር ሌኒንግራድ ሄዶ፣ ታሞ ድምፁ ሻክሮ፣ ይህን ይዞ ተመለሰ። ካሴቱ ውስጥ ከበሮው በር የሚደበድብ ይመስላል፤ አንድ ወጣት ሳቅ በሌለው ድምፅ በሩሲያኛ ያንጎራጉራል። «ምን እያለ ነው?» ስትለው «አውቶቡስ ጠብቄ ቀረብኝ ነው የሚለው» ይላት ነበር። ሰው ለአውቶቡስ እንዲህ ያቃስታል? አላመነችውም፤ ሲከፍተው ወጥታ ትሄዳለች። አሁን ነፍሱስ የት ገብታ ይሆን?

«አክስቴ፣ ሰይጣን አይደለም» አለች የይታይሽ ልጅ ሜላት። «ያኔ እዚያ አገር ክልክል ስለነበር ምድር ቤት ተደብቀው የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። ከካሴት ካሴት እየገለበጡ አዳረሱት። ዛሬ እኛ ዩኒቨርሲቲ ልጆቹ በቲክቶክ የሚሰሟቸው ባንዶች ከእነዚያ የተማሩ ናቸው። አባዬ አንድ ቀን ስልኬ ላይ ሰምቶ አለቀሰ።»

«በስመ አብ! አንቺንም ያዘሽ!» የምሥራች ክብሪት አነሳች።

«ሳልሰማው አይቃጠልም» አለች ይታይሽ። ከአፏ መውጣቱ ራሷን አስደነገጣት። በሩን ቆልፋ ካሴቱን ተቀብላ ቴፑ ውስጥ ከተተች። በለቅሶ ቤት ዘፈን! ጎረቤት ቢሰማ ጉዷ ፈላ። የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫነች።

ከበሮው መጣ። ወጣቱ ማንጎራጎር ጀመረ።

«ዝም በሉ!» አለች የምሥራች። የተናገረ ሰው አልነበረም። ክብሪቱ ከእጇ ወደቀ። አወቀን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ ቅዳሴ ሲማር በር ላይ ቆማ የሰማችው እሷ ናት።

«አወቀ ነው። ድምፁ ሳይበላሽ የዘፈነው። ወንድሜ እኮ ነው!» ብላ ደረቷን ደቃች።

ይታይሽ ያገባችው ሻካራውን ድምፅ ነው፤ ይህን አታውቀውም። ዕድሜዋን ሙሉ ከክፍል እየወጣች የሸሸችው የገዛ ባሏን ኖሯል።

ከውጭ በሩ ተንኳኳ፤ «ምንድን ነው የሚሰማው?» አለ አንድ ሰው። ይታይሽ ተንበረከከች። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እንደሚሳም፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ፣ ጉንጯን ቴፑ ላይ አሳረፈች።