ድቤ የማይገባበት ሕንፃ

ወላሂ፣ ወንድሜ ጠልሀ ዴንቨር ኤርፖርት ሲደርስ እልል ብዬ ነው የተቀበልኩት። አዲስ አበባ እያለን አንድ የውጭ ድርጅት ስኮላርሺፕ ሰጥቶት፣ ነዳጅ ካለበት ዐረብ አገር ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ። ይኸው ድርጅት አገር ቤት ትምህርት ቤት ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ አልሐምዱሊላህ ያላለ የለም። አሁን በፈረንጆቹ 2006 ጠልሀ የድርጅቱ ሰው ሆኖ፣ ለእኛም ልጆች ትምህርት ቤት ሊከፍት መጣ።

እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምሩት አባቴ ሼህ ሰላሃዲን ነበሩ፤ ዴንቨር ዳር አውሮራ ካለው ሱቄ ጓዳ፣ በዘይት ካርቶንና በሩዝ ጆንያ መሃል። ቁርኣን ያስነብቧቸውና በመጨረሻ ድቤያቸውን አንስተው በአማርኛ መንዙማ ያስይዟቸዋል። በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጄ ሪሃብ፣ ነቢዩን ስታወድስ ወሎ የተወለደች ትመስላለች። ገበያተኛው እንኳ ዕቃውን እንደያዘ ቆሞ ይሰማል።

አዲሱ ሕንፃ ሎውሪ ሰፈር አጠገብ ነው። ፓርኪንጉ ሰፊ፣ ምንጣፉ አዲስ፣ ኮምፒውተሩ የተደረደረ። አፋችንን ከፍተን ቀረን። ታዲያ ጠልሀ ለብቻዬ ጠራኝና፣ "ኑሰይባ፣ መንዙማና ድቤ እዚህ አይሆንም። መጽሐፉን የሚልከው ድርጅቱ ነው፣ የማስተምረውም እኔ ነኝ። አባባን አንቺ ንገሪልኝ" አለኝ።

"ምን ቆርጦኝ! ራስህ ንገራቸው!"

"እኔ አልችልም።"

"ይህን ጉድ ተሸክመህ ስትመጣ ግን ቻልክ!"

ደሜ ፈላ። ለወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢ ለሱሀይብ ብነግረው፣ "እባክሽ እድላችንን አታበላሺብን፤ እስከ መቼ የሱቅ ጓዳ?" አለኝ። እሱም እውነት አለው። ልጆቹ በክረምት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው የሚማሩት። እኔም ለአባባ እነግራለሁ እያልኩ አፌ እምቢ አለኝ፤ ማንም ሳይነግራቸው የሕንፃው ምረቃ ዕለት ደረሰ።

አባባ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ድቤያቸውን ታቅፈው መጡ። ጠልሀ በሩ ላይ ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ።

"አባባ፣ እሱ መኪና ውስጥ ይቆይ።"

"ለምን ልጄ?"

ይኼኔ ሪሃብ በመሃላችን ብቅ አለችና በአማርኛ፣ "ዌይት፣ አጎቴ፣ አያቴ ያስተማሩን ነገር ሀራም ነው?" አለች።

አዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ዓይን ዓይኑን አየሁት። ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትለው! ሳል፣ ስልክ ተደወለልኝ በል፣ ብቻ አባቴ ፊት እንዳትለው!

"መልስላት እንጂ፣ የተማርከው አንተ ነህ" አሉት አባባ። በአሽሙር አልነበረም፤ ኮርተውበት ነው እንዲህ ያሉት፤ እኔን ያንገበገበኝም እሱ ነው።

"አዎ" አላት ጠልሀ መሬት መሬቱን እያየ። "ሀራም ነው።"

አባባ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ድቤያቸውን እንደታቀፉ ወደ መኪናው ተመለሱ። ሪሃብን እጇን ይዤ ተከተልኳቸው። ገና የመኪናውን በር ሳልዘጋ ጮኽኩባቸው።

"እንዴት ዝም ይላሉ? ያሳደጉት ልጅ እኮ ነው! በሰው ፊት!"

"የሸኘሁት እኔ ነኝ" አሉኝ። "የሄደ ቀን ጎረቤቱን ሰብስቤ፣ ይህንኑ ድቤ እየመታሁ 'ያ አላህ፣ ከእኔ የበለጠ አሳውቀው' ብዬ ዱዓ አደረግኩለት። ሁሉም አሚን አለ፤ አንቺም ብለሻል። ይኸው ሰጠው። አሁን ማንን ልክሰስ?"

መኪናውን አስነሳሁ።

ከኋላ ወንበር ሪሃብ ሕንፃውን በመስኮት እያየች መንዙማውን ቀስ ብላ ማንጎራጎር ጀመረች። አባባ ዞር አሉ። አብረዋት ሊሉ መስሎኝ ነበር።

"ተይ የኔ ልጅ" አሏት። "መስኮቱ ክፍት ነው፤ አጎትሽ ይሰማል።"