የገነባ አይለካም

ጋሼ ቱምቢ ግድግዳ ሠርተው ሲጨርሱ የግንበኛ ማንኪያቸውን ያስቀምጡና ፊታቸውን ያዞራሉ። ቀጥ ይበል ይዝመም ራሳቸው አያዩም፤ ሌላ ሰው ጠርተው ያስለካሉ። «የገነባ አይለካም» ይላሉ። «እናት ልጇን ወልጋዳ ነው አትልም፤ ግንበኛም እንደዚያው ነው።» ይህን የሚሉት እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ሕግ ነው፤ በአርባ ዓመት ውስጥ አንዴም ጥሰውት አያውቁም። ቱምቢ በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠል ሾጣጣ ብረት ነው፤ ግድግዳ አጠገብ ሲለቁት ቀጥ ያለውን ካዘመመው ይለያል። ሰውየውም እንደ ብረቱ ናቸው ተብለው ነው ስሙ የወጣላቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሠራተኛ ቢፈለግ አንድም አይገኝም።

ያንን ሲባጎ ይዛ ያደገችው ሴት ልጃቸው ናት። ወንድሞቿ ሲሚንቶ ሳይነካቸው በጊዜ ወደ ቢሮ ሥራ አመለጡ። እሷ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ጥላ መወጣጫው ላይ ትወጣለች፣ ቱምቢውን ትለቃለች፣ አባቷ ፊታቸውን አዙረው ይጠብቃሉ። ከሁለት ቃል አንዱን ትናገራለች፤ «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም»። ሦስተኛ ቃል አልተፈቀደላትም። አንድ ቀን ርቧት ወደ ቤት ለመሄድ ስትቸኩል «ምንም አይልም» ብትል፣ ረድፉን በሙሉ እዚያው አፈረሱት። «ምንም አይልም የሚባል ልክ የለም» አሏት እንጂ አልተቆጡም። ሌላው ልጅ ከአባቱ ስንትና ስንት ነገር ይማራል፤ እሷ የተማረችው ይችን ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ግን በዚችው ሰው ሆነች። ዛሬ ሃያ ሦስት ሠራተኛ የምታዝ ፎርማን ናት።

አባቷን አሁን ወደምታዘው ግንባታ ያመጣቻቸውም ራሷ ናት። ባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት እየተሠራ ነበር፤ ልጆች የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን የደረጃውን ግድግዳ ለሳቸው ሰጠቻቸው። እሷ «አባዬ» ስትላቸው እሳቸው «አቤት ፎርማን» ይሏታል፤ ሠራተኛው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም፤ ቀልዱን እንደ ሥራ ነው የሚይዙት።

ነገሩ የተበላሸው አራተኛው ረድፍ ላይ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት አባቷ ሲሚንቶ የምታቦካውን ሴት «አንተ ለሳኝ» ብለው ጠሯት። ግድግዳ የሚለስነው ለሳኝ ግን ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ ነው። ሁሉም ቀልድ መስሎት ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ ልጅየዋ ብቻ አልሳቀችም። ከሰዓት በኋላ ቱምቢውን ብትለቅ ግድግዳው ግማሽ ጣት ወደ ውጭ ሄዷል። ዞር ብላ አባቷን አየች። ጀርባቸውን ሰጥተው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። አንገታቸው ቀጥኖ ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል። አንጀቷን በሏት።

«እንዴት ነው?» አሉ ሳይዞሩ።

«ልክ ነው» አለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይህን ያለው ሰው ግንበኛ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። የግድግዳ ውሸት እያደር ይከብዳል፤ አምስተኛው ረድፍ በአራተኛው ላይ፣ ስድስተኛው በአምስተኛው ላይ ይቀመጣል። በማግስቱ ስትለካ ግማሹ ጣት አንድ ጣት ሊሆን ተቃርቧል። እውነቱን ብትናገር የትናንቷ «ልክ ነው» ምን ሊባል ነው? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ደገመችው። በየቀኑ ጠየቋት፤ በየቀኑ ልክ ነው አለቻቸው። ለሳኙንም ለብቻው ጠርታ «እዚህ ጋ ስትደርስ ልስኑን ትንሽ ወፈር አድርገው» አለችው። ለሳኙ መጀመሪያ እሺ ብሎ ነበር። ግድግዳው አሥራ አራተኛ ረድፍ ሲደርስ ግን አንጋጦ አየና ጢሙን አሻሸ።

«ፎርማን፣ ይሄንንማ በልስን ልሸፍን ካልኩ ሌላ ግድግዳ መሥራቴ ነው። ለሱ ደግሞ ግንበኛ ጥሪ።»

ሦስት ጣት አዘምሟል። በማግስቱ ግድግዳው ላይ የኮንክሪት ማሰሪያ ሊሞላበት ነው፤ ከዚያ በፊት ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ያየዋል። እሱ ካየው አባቷን በሃያ ሦስት ሰው ፊት ያባርራል። ባያየው ደግሞ ይብሳል፤ ማሰሪያው ይሞላል፣ ደረጃው ይሠራል፣ የሰው ልጅ ይመላለስበታል። ስለዚህ መፍረሱ አይቀርም። የቀረው ለአባቷ የሚነግራቸው ሰው ነው፣ እሱም ከሷ በቀር ማንም ሊሆን አይችልም።

የምሳ ሰዓት ጠበቀች። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ እሳቸው ብቻ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ዳቧቸውን ይበላሉ። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የደረጃው ግድግዳ መፍረስ አለበት።»

ማላመጣቸውን አቆሙ። «ማን ለካው?»

«እኔ።»

«ትናንት ልክ ነው አላልሽኝም እንዴ?»

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ውሸት ሞከረች፤ ሰው ሲጨንቀው የለመደውን ነው የሚይዘው። «ብሎኬቱ መሰለኝ። ሰሞኑን የሚያመጡልን ብሎኬት ወጣ ገባ ነው፣ ጥራት የለውም።»

«ብሎኬቱን ተይው። ከስንተኛው ረድፍ ነው የሄደው?»

«ከአራተኛው» አለች።

ጋሼ ቱምቢ ዳቧቸውን በወረቀቱ ጠቅልለው ተነሡ። ግድግዳው ጋ ሄደው ከታች ጀምረው በመዳፋቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እዚያ ላይ እጃቸው ቆመ። ከዚያ መወጣጫው ላይ ወጥተው የቀሩትን አሥር ረድፎች አንድ በአንድ እየነኩ ላይ ደረሱ። ሲወርዱ ቀስ ብለው ነው የወረዱት።

«አራተኛውን የሠራሁ ቀን ጠይቄሽ ነበር?»

«ጠይቀኸኛል።»

«አምስተኛውንስ?»

«አባዬ፣ በቃ…»

«አምስተኛውንስ?»

«ጠይቀኸኛል። ሁሉንም ቀን ጠይቀኸኛል።» ከዚህ በኋላ ማቆም አቃታት። «እንዳይከፋህ ብዬ ነው። ዓይንህ ደክሟል አባዬ። አንተ አላወቅከውም፤ እኔ ደግሞ በሰው ፊት እንድታውቀው አልፈለግኩም።»

«አላወቅኩም?» አሉ ጋሼ ቱምቢ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ዓመት ሆነው እኮ። ጎረቤታችን አጥር ሥራልኝ ብሎ ሲለምነኝ እምቢ ያልኩት ወገቤን አሞኝ መሰለሽ? ከእንግዲህ ብሎኬት አልነካም ብዬ ማንኪያዬን ሰቅዬው ነበር። አንቺ ነሽ ና ያልሽኝ። እሷ ካለች ምን ችግር አለ፣ እጁ የኔ ዓይኑ የሷ ብዬ መጣሁ። በአንቺ ዓይን ነው እኮ ስገነባ የከረምኩት፣ ልጄ።»

ፎርማኗ አለቀሰች። ሥራ ቦታ አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ ደግነቱ ሠራተኛው ምሳ ላይ ነው። አባቷ አላባበሏትም። አልተቆጡም ደግሞ። መዶሻቸውን አንሥተው ወደ ላይ ወጡና የአሥራ አራተኛውን ረድፍ የመጀመሪያ ብሎኬት መቱ።

ሠራተኛው ሲመለስ አባትና ልጅ አቧራ ለብሰው ግድግዳ ሲያፈርሱ አገኛቸው። ማንም ምን ሆናችሁ ብሎ ለመጠየቅ አልደፈረም። ልጅየዋ ራሷ ቀና ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ «ጥፋቱ የኔ ነው። የሠራው ሰው ሲጠይቀኝ ውሸት ነግሬዋለሁ» አለች። ለሳኙ ጢሙን ይዞ መሬት መሬት አየ። ሌሎቹ መዶሻ ፈልገው መጡ።

አሥር ሰዓት ሲሆን አራተኛው ረድፍ ወረደ። ሦስተኛው ቀረ። አባቷ ላዩን በማንኪያ ጠርገው፣ በብሩሽ አጽድተው፣ ከዚህ ሊጀምሩ ሲሰናዱ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ልጅየዋ ቱምቢውን ለቀቀች። በግራ ለካች፣ በቀኝ ለካች፣ መሐል ላይም ለካች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ተጠንቅቃ የለካችው ግድግዳ የለም። ሾጣጣው ብረት መወዛወዙን አቁሞ ዝም አለ። ሲባጎው ከግድግዳው የፀጉር ያህል አልራቀም።

«እንዴት ነው?»

«ልክ ነው» አለች። እውነት ነበር።

ጋሼ ቱምቢ ወዲያው አልዞሩም። ከዚያ የሲሚንቶ አቡኪዋ ድምፅ ወደሚሰማበት ፊታቸውን መለስ አድርገው፦

«እስቲ አንቺም ነይ ለኪልኝ» አሉ።

ሴትየዋ ግራ ገብቷት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ልጅየዋ ሲባጎውን አቀበለቻት።